ቺፕ የሚፈተንበት ሰሌዳ፤ የአንድ ትንሽ መሣሪያ ታሪክ

አባቶቻችን «ወርቅ በእሳት ይፈተናል» ይላሉ። አንጥረኛ የመጣለትን ቁራሽ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ወርቅ ነው ብሎ አይቀበልም፤ እሳት ውስጥ አግብቶ እውነተኛነቱን ያረጋግጣል። በዘመናችን እንደ ወርቅ የሚፈለግ፥ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ቺፕ የሚባለው ነው። በስልክ፥ በራዲዮ፥ በኮምፒዩተር፥ በአውቶሞቢልና በሐኪም ቤት መሣሪያ ውስጥ ሁሉ ይገኛል። ስለ ቺፕ የሚናገር ሰው ብዙ ነው፤ ቺፑ ተሰክቶ ስለሚፈተንበት ሰሌዳ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የዚህን ሰሌዳ ታሪክ ለተማሪ ጓደኞቻችን፥ እንዲሁም ለመምህራንና ለወላጆች ባጭሩ መግለጽ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንድ አሮጌ ራዲዮ ከፍቶ የተመለከተ ሰው በውስጡ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሰሌዳ ያገኛል። በሰሌዳው ላይ እንደ እግር መንገድ እየታጠፉ የሚሄዱ ቀጫጭን የመዳብ መሥመሮች አሉ። እነዚህ መሥመሮች ኤሌክትሪክን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ያደርሳሉ። ሰሌዳው ራሱ ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፍ ነገር የተሠራ ስለሆነ መንገዶቹ እርስ በርሳቸው አይቀላቀሉም። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ እዚህ የደረሰው ብዙ ደክሞ ነው።

ሰሌዳ ባልነበረበት ዘመን ማንኛውም የኤሌክትሪክ መሣሪያ በሽቦ እየተያያዘ በእጅ ይበየድ ነበረ። በ1946 በአሜሪካ አገር ለሕዝብ የታየው ኢኒያክ የተባለው ታላቅ ኮምፒዩተር 18,000 ያህል የመስተዋት ቫልቮች ነበሩት፤ በእጅ የተበየዱትም መገጣጠሚያዎች ወደ 5,000,000 ይደርሱ ነበረ። እስቲ አንባቢ ያስብ፤ ከእነዚህ መገጣጠሚያዎች አንዱ ቢላላ፥ ጥፋቱ የት እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል አድካሚ ነው! መሣሪያው አልሠራ ባለ ጊዜ አሳቡ ስሕተት ይሁን ወይም ሽቦው የላላ ይሁን ለይቶ ማወቅ ብርቱ ችግር ነበረ።

ይህን ችግር ለማቃለል ከደከሙት ሰዎች አንዱ ፓውል አይስለር ነው። አይስለር በ1907 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ፤ የምሕንድስና ትምህርቱንም በዚያው ፈጸመ። ነገር ግን አይሁዳዊ ስለ ነበረ በጊዜው በነበረው የዘር ጥላቻ ምክንያት እንደ ዕውቀቱ ሥራ ለማግኘት አልቻለም። በ1936 አገሩን ትቶ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በለንደን በተከራየው ክፍል ተቀምጦ፥ «ጋዜጣ የሚታተም ከሆነ የኤሌክትሪክ መንገድስ ስለ ምን አይታተምም?» የሚል አሳብ መጣለት። አሳቡም ይህን የመሰለ ነበረ። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሰሌዳ ላይ ስስ የመዳብ ቅጠል ይለጠፋል፤ መንገድ እንዲሆን የተፈለገው ክፍል በቀለም ይሸፈናል፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳው መዳብን በሚበላ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ያልተሸፈነው መዳብ ተበልቶ ሲያልቅ በቀለሙ ሥር የነበረው መንገድ ሆኖ ይቀራል። አይስለር በዚህ ዘዴ ራዲዮ ሠርቶ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ አሳየ። ኩባንያው ግን ሽቦ የሚያያይዙት ሴቶች ሠራተኞች በርካሽ ዋጋ ይሠሩልናል ብሎ አሳቡን አልተቀበለውም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ አይስለር ከጠላት አገር የመጣ ነው ተብሎ ታሰረ። ከተፈታ በኋላም ሥራውን አልተወም፤ በ1943 የፈጠራ መብት ለማግኘት ማመልከቻውን አቀረበ። ከጦርነቱ በኋላ የታተመ ሰሌዳ በብዙ ፋብሪካዎች መሠራት ጀመረ። በ1949 ደግሞ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመገናኛ ክፍል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሞ አብራምሰንና ስታኒስላውስ ዳንኮ የዕቃዎቹን እግሮች በሰሌዳው ቀዳዳዎች አሳልፎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የመበየድን ዘዴ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሺህ ሰሌዳ መንገድ አንድ ዓይነት ሆነ። ይህም ለመፈተን ታላቅ ጥቅም አለው፤ አንዱ ሰሌዳ ሠርቶ ሌላው ባይሠራ ሁለቱን አስተያይቶ ጥፋቱን ማግኘት ይቻላልና። አይስለር በ1992 ዐረፈ።

አሁን ወደ ቺፑ እንለፍ። በ1958 በጋ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ገና አዲስ ሠራተኛ የነበረው መሐንዲስ ጃክ ኪልቢ፥ ጓደኞቹ ሁሉ ለዕረፍት ሲሄዱ እርሱ ዕረፍት ስላልደረሰው ብቻውን በላቦራቶሪው ቀረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሆኖ ትራንዚስተሩንና ሌሎቹን ዕቃዎች ለየብቻ ከመሥራት ይልቅ ሁሉንም ከአንድ ቁራሽ ማውጣት እንደሚቻል አሰበ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1958 በመስተዋት ቁራጭ ላይ የተለጠፈች አንዲት የጀርማኒየም ስባሪ ይዞ በኩባንያው ኀላፊዎች ፊት ቀረበ። ኤሌክትሪክ ሲያገናኝበት የኦሲሎስኮፑ መስኮት ሞገድ አሳየ። በዚያች ቀን ሰውን ያሳመነው የወረቀቱ ሥዕል አልነበረም፤ በመስኮቱ ላይ የታየው ሞገድ ነበረ። ኪልቢ ስለዚህ ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በ1959 ሮበርት ኖይስ የተባለው ሌላው አሜሪካዊ፥ በሲሊኮን ቁራሽ ላይ የሚገኙት ዕቃዎች በጥቃቅን ሽቦዎች መያያዛቸው ቀርቶ፥ በገጹ ላይ በተነጠፈ የብረት መንገድ እንዲገናኙ የሚያደርግ አሳብ አቀረበ። ልብ ብለን ብንመለከተው ይህ አሳብ ከአይስለር ሰሌዳ ጋር ይዛመዳል። መንገዱ በሰሌዳ ላይ እንደ ታተመ ሁሉ፥ አሁን በቺፑ ገጽ ላይ ታተመ። በእጅ ያልተያያዘ ነገር ግን በእጅ አይፈታም። በቺፑ ላይ ስሕተት ቢገኝ ሽቦ ነቅሎ ሌላ መትከል አይቻልም። እንግዲህ የፈተና ነገር ከቀድሞው ይልቅ እጅግ የከበደው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ይህን ለማስረዳት ኢንቴል 4004 ከተባለው ቺፕ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ይህ ቺፕ ቡሲኮም ለተባለ የጃፓን የሒሳብ መኪና ኩባንያ የታሰበ ነበረ። ከኢጣልያ የመጣው ፌዴሪኮ ፋጂን በ1970 የንድፉን ሥራ ተረክቦ 2,300 ትራንዚስተሮችን በአንዲት ትንሽ የሲሊኮን ቁራሽ ላይ አሰፈረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቺፖቹ የታተሙባቸው፥ ዌፈር የሚባሉት ክብ የሲሊኮን ገጾች ከፋብሪካው ደረሱት። ፋጂን የመፈተኛውን ቀጫጭን መርፌዎች አሳርፎ ቢመረምር አንዳቸውም ሕይወት አልነበራቸውም። የብዙ ወራት ድካሙ በአንድ ቀን ከንቱ የሆነ መሰለ። በማይክሮስኮፕ ባየ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከንድፉ እንዳልሆነ ተረዳ፤ ፋብሪካው ከሚነጠፉት ንጣፎች አንዱን ረስቶት ኖሯል። በጥር 1971 ሌሎች ዌፈሮች መጡ። ፋጂንም ሌሊቱን ብቻውን ሆኖ ክፍል በክፍል ሲፈትናቸው ሠሩ። የቀሩት ጥቃቅን ጉድለቶች ከታረሙ በኋላ ቺፑ በኖቬምበር 1971 ለዓለም ተነገረ። የፈተናን ጥቅም ከዚህ እንማራለን። ፈተና መሥራቱንና አለመሥራቱን ብቻ አይነግረንም፤ የነዳፊውን ጥፋት ከሠሪው ጥፋት ለይቶ ያሳየናል።

በዚያ ዘመን ግን ቺፕ ነድፎ ለመፈተን የሚችለው የትልቅ ኩባንያ መሐንዲስ ብቻ ነበረ። ፋብሪካው እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ደንቡም በምስጢር ይጠበቃል። ተማሪ በክፍል ውስጥ ስለ ቺፕ ይማራል፤ የራሱን ቺፕ በመዳፉ ይዞ ማየት ግን አይሆንለትም ነበረ። ይህን ግድግዳ ካፈረሱት ዋነኞቹ በካሊፎርኒያ የነበሩት ፕሮፌሰር ካርቨር ሚድና ሊን ኮንዌይ ናቸው። ሁለቱ የቺፕን አነዳደፍ ማንም ትጉህ ተማሪ ሊይዘው በሚችል ቀላል ደንብ አዘጋጁት። በ1978 ሊን ኮንዌይ ኤም. አይ. ቲ. በተባለው የታወቀ የአሜሪካ ተቋም ይህንኑ ትምህርት ሰጠች። ተማሪዎቹ በትምህርቱ ጊዜ የነደፉት ሁሉ ተሰብስቦ በአንድነት ወደ ፋብሪካ ተላከ፤ ቺፖቹም በጥር 1979 ለባለቤቶቹ ተመለሱ። በዚያው በ1979 መጨረሻ ሥራው ሰፍቶ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ከ80 የሚበልጡ ንድፎች በ29 ቀን ውስጥ ተሠርተው ለየባለቤቶቻቸው ደረሱ። ከ1981 ጀምሮም ሞሲስ የተባለ ድርጅት ይህንኑ አገልግሎት ለዩኒቨርሲቲዎች በቋሚነት ይሰጥ ጀመረ።

የዘዴው ምስጢር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ተረታችን ይገለጣል። የአንድ ተማሪ ንድፍ ብቻውን የፋብሪካውን ወጪ ሊሸከም አይችልም። የብዙ ተማሪዎች ንድፎች ባንድ ዌፈር ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን ወጪው ይከፋፈላል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ለተማሪው የሚመልስለት እግሮች ያሉት ጥቁር ቁራጭ ብቻ ነው። ይሥራ አይሥራ ከውጭ አይቶ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቺፑ በደረሰ ቀን ሥራው አላለቀም፤ እንዲያውም ገና ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመት አልፎ፥ ነገሩ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ በቤቱ ለደስታው የሚሠራው ሰው ዘንድ ደረሰ። በ2020 ጉግልና በአሜሪካ የሚገኘው ስካይዋተር የተባለ ፋብሪካ የአንዱን አሠራር ደንብ ለማንም ሰው ክፍት አደረጉ። ይህ አሠራር 130 ናኖሜትር የሚባለው ነው፤ አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል የ130ው ክፍል ማለት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ደንብ ለማየት ምስጢር ለመጠበቅ ውል መፈረም ግድ ነበረ። በ2022 ደግሞ ማት ቬን የተባለ መሐንዲስ ታይኒ ቴፕአውት የሚባለውን ሥራ ጀመረ። በዚህ ሥራ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ንድፎች በአንድ ቺፕ ላይ ይሰፍራሉ። የአንዱ ሰው ድርሻ 160 በ100 ማይክሮሜትር ያህል ነው። እያንዳንዱ ሰው ቺፑ ሲደርሰው ከሁሉ መካከል የራሱን ንድፍ መርጦ ያስነሣል፤ 8 መግቢያዎች፥ 8 መውጫዎችና በሁለቱም ወገን የሚያገለግሉ 8 እግሮች ተሰጥተውታል። ቺፑን ለማስነሣት የሚያገለግል ሰሌዳም አብሮ ተዘጋጅቷል። ንድፉ የተለየ ነገር የሚፈልግ ከሆነ ግን፥ ለምሳሌ ድምፅ የሚያወጣ ወይም በመስኮት ላይ ምስል የሚያሳይ ከሆነ፥ ባለቤቱ የራሱን ሰሌዳ ይሠራል።

እንዲህ ያለው ሰሌዳ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንናገር። በመጀመሪያ መንገዱ በኮምፒዩተር ይነደፋል። ለዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኪካድ የተባለው ፕሮግራም ነው፤ እርሱንም በ1992 የጀመረው ዣን ፒየር ሻራስ የተባለ ፈረንሳዊ መምህር ሲሆን፥ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ይጠቀምበታል። ቺፑ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ልክ ሊኖረው ይገባል። ከላይ በተጠቀሰው በ130 ናኖሜትር አሠራር የውስጡ ክፍል በ1.8 ቮልት፥ ከውጭ የሚገናኘው ክፍል በ3.3 ቮልት ይሠራል። ከዚህ ብዙ ቢበልጥበት ይቃጠላል። ስለዚህ ቮልቱን የሚመጥን ዕቃ በሰሌዳው ላይ ይተከላል።

ከቺፑ እግሮች አጠገብም ካፓሲተር የሚባሉ ጥቃቅን ዕቃዎች ይበየዳሉ። ጥቅማቸውን በምሳሌ እናስረዳ። ቤቷ ከምንጭ የራቀ ባልቴት ድንገት ውሃ ባስፈለጋት ጊዜ ሁሉ ወደ ወንዝ አትሮጥም፤ በጓዳዋ ካስቀመጠችው እንስራ ትቀዳለች። ቺፑም እንዲሁ በአንድ ቅጽበት ብዙ ኤሌክትሪክ ሲፈልግ ከሩቁ ምንጭ እስኪደርስለት አይጠብቅም፤ ከአጠገቡ ካለው ካፓሲተር ይቀዳል። እንስራው ከጓዳ ርቆ ቢቀመጥ ጥቅሙ እንደሚቀንስ ሁሉ፥ ካፓሲተሩም ከእግሩ ርቆ ቢበየድ ጥቅሙ ያንሳል። በተጨማሪም ለቺፑ የሰዓት ምልክት የሚሰጥ ዕቃ፥ ከመጀመሪያው የሚያስጀምር ቁልፍ፥ መልሱን የሚያሳዩ ትናንሽ መብራቶችና የመለኪያ መርፌ የሚያርፍባቸው ነጥቦች ያስፈልጋሉ።

ሰሌዳው ተሠርቶ ሲመጣ መቸኮል አይገባም፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላልና። ዐዋቂ ሰው አስቀድሞ ቺፑን ሳይሰካ ባዶውን ሰሌዳ በመልቲሜትር ይመረምራል፤ የኤሌክትሪኩ መግቢያና መመለሻ በስሕተት ተነካክተው እንደ ሆነ ያያል። ቀጥሎም ቮልቱን ይለካል። ልክ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ቺፑን ይሰካል። የሰዓቱን ምልክት በመጀመሪያ እጅግ ቀስ አድርጎ ይሰጠዋል፤ ከቀላሉ ጥያቄ ይጀምርና ወደ ከባዱ ያልፋል። አንዲት መብራት ብልጭ እንድትል ማድረግ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ያች መብራት በበራች ጊዜ ኤሌክትሪኩ፥ ሰዓቱ፥ መጀመሪያውና መውጫው በደኅና መሥራታቸው ባንድ ጊዜ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የተጠበቀው መልስና የተገኘው መልስ በደብተር ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ሰዓቱም ቺፑ እስኪሳሳት ድረስ ይፈጥናል። የአቅሙ ወሰን በዚህ ይታወቃል።

ሰሌዳው ያለ ጌጥና ያለ ውስብስብ ነገር እንዲሆን የሚመከርበትም ምክንያት አለ። ፈታኙ ራሱ የማይታመን ከሆነ ፈተናው ዋጋ የለውም። መልሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ጥፋቱ ከሰሌዳው ነው፥ ከፕሮግራሙ ነው ወይስ ከቺፑ? ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ የሚያገኘው ሰሌዳውን ቀላል አድርጎ የሠራ፥ እያንዳንዱንም ነጥብ ለመለካት የሚችል ሰው ነው።

ይህም ከንቱ ምክር እንዳልሆነ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያስረዳል። ደንቡ በ2020 ክፍት ከሆነ በኋላ በጋራ ዙር ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ ቺፖች መካከል፥ ንድፎቹ ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት ክፍል ላይ የጊዜ አጠባበቅ ጉድለት የተገኘባቸው ነበሩ። ጉድለቱን በትምህርት ቤት ደወል እናስረዳው። ደወል በተደወለ ቁጥር የአንዱ ክፍል ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራሉ እንበል። አንዱ ክፍል ደወሉን ዘግይቶ ቢሰማ፥ የፊተኞቹ ሳይወጡ የኋለኞቹ ይገቡና ሁሉም ይደባለቃል። በእነዚያ ቺፖች ውስጥም ምልክቶቹ እንዲሁ ተደባለቁ። ቺፕ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ በላጲስ አይታረምም። ነገር ግን በጠረጴዛቸው ላይ ሰሌዳና መለኪያ የነበራቸው ሰዎች ተስፋ አልቆረጡም። ምልክቱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚደባለቅ ፈትነው ዐወቁ፤ መደባለቁን አስቀድመው አስበው መልእክቱን በዚያው ልክ አስተካክለው ላኩ። በዚህም ዘዴ የሞቱ ከሚመስሉት ቺፖች አንዳንዶቹ ተነሡ።

ሌላም መሰናክል መጥቷል። ለብዙዎቹ ዙሮች አማካይ የነበረው ኢፋብለስ የተባለው ኩባንያ በ2025 መጀመሪያ ተዘጋ፤ ንድፋቸውን ልከው ይጠብቁ የነበሩ ብዙ ሰዎችም አዘኑ። የታይኒ ቴፕአውት ሥራ ግን አልቆመም፤ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ኦደር ከተማ የሚገኘው አይ. ኤች. ፒ. የተባለው የምርምር ተቋም አስቀድሞ አሠራሩን ክፍት አድርጎ ስለ ነበረ፥ በዚያው ዓመት በእርሱ በኩል ቀጠለ። ዕውቀቱ በብዙ ሰዎች እጅ ስለ ነበረ የአንድ ኩባንያ መዘጋት አላጠፋውም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እናገኛለን? አይስለር ራዲዮ ሠርቶ አሳየ፤ ኪልቢ ሞገዱን በመስኮት አሳየ፤ ፋጂን ሌሊቱን በመርፌ መረመረ፤ የ1978 ተማሪዎች ቺፖቻቸውን ተቀብለው በእጃቸው ያዙ። ሁሉም አሳባቸውን ለፈተና አቅርበዋል። የዕውቀት በር ለተማሪ የተከፈተው ንድፍ መሣል ስለ ተፈቀደለት ብቻ አይደለም፤ የነደፈውን በእጁ ይዞ «እውነት ትሠራለህን?» ብሎ ለመጠየቅ ስለ ቻለ ነው። መጽሐፍ እንደሚሠራ ይነግረናል፤ መምህርም ያስረዳናል። መብራቷ ስትበራ ማየት ግን የራስ ድርሻ ነው።

ወላጆችና መምህራን ልጆቻችሁ አሮጌ ራዲዮ ሲፈቱ ብታዩአቸው ቶሎ አትቈጡአቸው፤ ከኤሌክትሪኩ መነቀሉን ብቻ አረጋግጡላቸው። እኛም ተማሪዎች የተማርነውን በፈተና ወረቀት ላይ ከመጻፍ አልፈን በሰሌዳ ላይ ለማየት እንትጋ። ቺፑ የሚፈትነን መምህር የለም ብሎ አያታልልም፤ ማርክ ለማግኘትም አይለማመጥም። ልክ ከሠራነው ይሠራል፤ ከተሳሳትንም እስክናርመው ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቀናል።